ለከፈኑ የሚሆን ገበር

አክስቴ ከአሊዩ አምባ ደውለው «ከፈኔን አምጣልኝ» ሲሉኝ ክው አልኩ። ከፈኑ አንድ ዘመዳችን ከሐጅ ሲመለስ በዘምዘም ውሃ ነክሮ ያመጣላቸው ነጭ ጨርቅ ነው። ሸዋ ሮቢት እኛ ጋ ከርመው ሲሄዱ ሳጥናችን ውስጥ ትተውት ነበር።

«ምነው፣ አመመዎት እንዴ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ! ዕቃዬ አጠገቤ ይሁን ብዬ ነው። አደራ፣ ጠብታ እንዳይነካው።»

ያስጨነቀኝ ይኸው አደራ ነው። የሞተሬ የጎን ቦርሳዎች ቆላው ላይ አቧራ፣ ደብረ ሲና ላይ ዝናብ ያስገባሉ። ባለፈው ክረምት ቅያሪ ልብሴን ከቦርሳው አውጥቼ፣ ጨምቄ ነው የለበስኩት። ስለዚህ ገበር ፍለጋ ገባሁ።

መጀመሪያ ወፍራም ላስቲክ ገዛሁ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ አየችውና፣ «ዝም ብለህ አትመን፤ ነጭ ቁራጭ ጨርቅ ከተን ውሃ እናፍስበት» አለች። ግቢያችን ውስጥ ሞከርነው። ውሃ ከመፍሰሱ በፊት የቦርሳው ብሎን ላስቲኩን ቀደደው።

ቀጥሎ ጎሚስታው አሮጌ የመኪና ጎማ ካላማደሪያ ቆርጦ በማስቲሽ አጣበቀልኝ። ጠብታ አላስገባም። ግን ቁራጩን ስናወጣው በከሰል የታሸ መስሏል።

«ከፈን በዚህ?» አለች ባለቤቴ፣ አፏን ይዛ።

ከዚያ የጠረጴዛ ሙሻማ አመጣችና ከረጢት አድርጋ ሰፋችው። አምሮ ነበር፤ ቁራጩ ግን ስፌቱን ተከትሎ ረጠበ። በመርፌ ቀዳዳ ይህን ያህል ውሃ እንዴት ይገባል? ሁለታችንም ግራ ገባን። ስፌቱ ላይ አንዲት ጠብታ አኖረችና ጎንበስ ብለን አየን። ጠብታዋ ቀስ እያለች ክሩ ውስጥ ሰመጠች።

«ክሩ ነው የሚጠጣው!» አለች።

ስፌቱን ተወችው። ሌላ ሙሻማ ሳትቆርጥ እንደ ፖስታ አጠፈችና ጠርዙን በማስቲሽ ያዘችው፤ አፉን ጠቅልለን አሰርነው። የፈለግነውን ያህል ውሃ ብናወርድበት ቁራጩ ደረቅ ሆኖ ወጣ።

በማግስቱ ጉዞ ጀመርኩ። ደብረ ሲናን እንዳለፍኩ ጉሙ ወረደ፣ ዝናቡም ተከተለ። አንድ ሻይ ቤት ጥግ ተጠልዬ ቦርሳውን ብከፍት፣ ሙሻማው ባቆረ ውሃ ውስጥ ተቀምጧል። ውስጡስ? እጄ ይንጠባጠባል፤ ብፈታው የማረጥበው እኔው ነኝ። አንኮበርን አልፌ ቁልቁለቱን እስክጨርስ ድረስ ከዚያ ሌላ ያሰብኩት ነገር የለም።

አሊዩ አምባ ስደርስ አክስቴ ራሳቸው ፈቱት። ከፈኑን ጉንጫቸው ላይ ለጠፍ አደረጉት።

«ደረቅ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ትንፋሼ የተመለሰው ያኔ ነው።

ከዚያ ተነስተው ከራሳቸው እስከ እግራቸው ለኩት። ቁልቁል እያዩም፣ «ተርፎኛል እኮ! አጠርኩ መሰለኝ» ብለው ሳቁ፤ እኔም ሳልወድ በግዴ ሳቅኩ።

ከፈኑን መልሰው ሙሻማው ውስጥ ጠቀለሉትና ከራስጌያቸው ሰቀሉት።

«አክስቴ፣ ሙሻማው እኮ የሞተሬ ገበር ነው» አልኩ።

«አንተ ገና ወጣት ነህ፤ ብትረጥብም ትደርቃለህ» አሉኝ።