ለብርቅነሽ የጻፍኩት ደብዳቤ

ይህን ለሚስቴም፣ አብረውኝ ለሚያገለግሉ ሽማግሌዎችም ተናግሬ አላውቅም። ስጸልይ እንኳ እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ፤ እግዚአብሔር የማያውቀው ይመስል። አንተ ስታነበው እንድታዝንልኝ አልፈልግም። ይልቅ ናቀኝ። እኔ ራሴን ከናቅኩት ቆይቻለሁ።

ብርቅነሽና እኔ ከደቡብ ተመድበን ቀብሪበያ አንድ ትምህርት ቤት እናስተምር ነበር። እሁድ እሁድ በሚኒባስ ጅጅጋ ሄደን በአንዲት ትንሽ የወንጌል አማኞች ጉባኤ እናመልካለን። ሰባኪው እኔ ነበርኩ።

በሁለተኛው ዓመት ብርቅነሽ ማሳል ጀመረች። ብሶባት ጅጅጋ ሆስፒታል ስትተኛ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ። ያስታመመቻት አከራይዋ ሃሊማ ናት፤ የግመል ወተት ይዛ ጅጅጋ ገበያ የምትመላለስ ሶማሊ ሴት። መልእክቷን ያደረሰችልኝም እሷው ናት። ብርቅነሽ እግዚአብሔር የተዋት መስሏታል፣ መጥተህ አብረሃት ጸልይ ብላሃለች አለችኝ።

አልሄድኩም። ከጉባኤያችን እስከ ሆስፒታሉ በባጃጅ አምስት ደቂቃ ነው። አልሄድኩም። ለምን? ሳሏን ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ታዲያ ሰባኪ ፈራሁ ይላል? ሰባኪማ ጥቅስ አያጣም። ተቀምጬ ደብዳቤ ጻፍኩ። ኢየሱስ በመስቀል ላይ ኃጢአታችንን በተሸከመ ጊዜ አባቱ እንኳ ፊቱን አዞረበት ብዬ ጻፍኩ። አንቺንም ከራቀሽ የተሸከምሽው ነገር አለ፣ ፈልገሽ ተናዘዢው አልኳት። ስጨርስ ደግሜ አነበብኩትና ደስ አለኝ። አቤት አጻጻፌ! የእጅ ጽሑፌ ሳይቀር አምሮ ነበር።

ሃሊማ ምን እንደያዘች ሳታውቅ ከወተቷ ጋር ይዛው ሄደች።

በሳምንቱ ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ ከክፍል አስጠራችኝ።

«ማአሊን» አለችኝ፤ መምህር ማለቷ ነው። «ወረቀቱን ካነበበች ጀምሮ እህል አልቀምስም አለች። ጌታዋ ትቷታል ብለህ ነው የጻፍከው?»

የእኛን ሃይማኖት ስለማታውቂ ነው፣ ነገሩ ጥልቅ ነው አልኳት። ስንት ሳምንት በሽተኛ ስታጎርስ የከረመችን ሴት፣ ነገሩ ጥልቅ ነው አልኳት!

«እኔ ያልተውኳትን ፈጣሪ ይተዋታል?» ብላኝ ሄደች።

ብርቅነሽ አልሞተችም። መድኃኒቱ ሠራላት፣ ሃሊማም ብዪ እያለች እየለመነቻት አበላቻት። እኔስ? እሁድ መድረክ ላይ ቆሜ፣ ስሟን ጠርቼ፣ ንስሐ ስለሚያመጣው ፈውስ ሰበክኩ። ጉባኤው ሃሌ ሉያ አለ። እኔም አልኩ።

ወደ አገሯ ዝውውር አግኝታ ልትሰናበተኝ መጣች። ከስታለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ራቅ ብላ ቆመች፤ ለእኔ አስባ።

«ወንድሜ፣ ሁለት ወር ሙሉ ኃጢአቴን ስፈልግ ነበር» አለችኝ። «ያስታወስኩትን ሁሉ ተናዘዝኩ። እግዚአብሔር እንዲተወኝ ያደረገውን ግን አላገኘሁትም። አንተ ካወቅከው ንገረኝ።»

አውቀው ነበር። ፈርቼ ነው የቀረሁት፣ ፊቱን ያዞረብሽ እኔ ነኝ፤ ይህን ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? አንገቴን ደፍቼ «እሱ ያውቃል» አልኳት።

«አሜን» ብላ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ስለ ስርየት ስንት ጊዜ ሰብኬያለሁ! ክርስቶስ በእኛ ቦታ ቆመ እላለሁ፤ አምናለሁም። እኔ ግን የራሴን ነውር ለታመመች ሴት አሸክሜ፣ ይህንኑ የመስቀሉ ትምህርት ነው ብዬ የሰጠሁ ሰው ነኝ። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ የነገረ መለኮት ስሕተት ነው አልልም። ፍርሃት ነበር፣ ቀጥሎም ውሸት። ደሙ ያነጻሃል ብለህ አታጽናናኝ፤ ያንን እኔም ለሰው እላለሁ። ብርቅነሽ የት እንዳለች አላውቅም። አፈላልጌም አላውቅም። ምናልባት ዛሬም ያልሠራችውን ኃጢአት እየፈለገች ይሆናል።