ከቁምሳጥኑ ጀርባ

ወደ ጎረቤቴ ኛዋል ግቢ የገባሁት መሰላሏን ልመልስ ነበር። ለቤት ጽዳት የተቀጠረ አንድ የማላውቀው ረጅም ሰው በመስኮቱ ሥር እንቁላል የታቀፈችውን ዶሮ፣ የበረኪናው ሽታ እንዳይደርስባት፣ ከነቅርጫቷ አንስቶ ከማንጎው ዛፍ ጥላ ሥር ሲያስቀምጣት አየሁ።

አስም ያለባቸው የኛዋል እናት ከሰዓት በኋላ ከሆስፒታል ይመለሳሉ። ሰውየው በዚያ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ አፉን በጨርቅ አስሮ፣ የእናቲቱን መኝታ ክፍል የኤሲ ማጣሪያ ውሃው እስኪጠራ አጠበ። ከዚያ ቁምሳጥኑን ይገፋ ጀመር።

«ከጀርባው ያለውን ግድግዳ ቀለም ቀብተነዋል፤ ተወው» አለችው ኛዋል።

«ሻጋታ ቀለም ለብሶ ይተኛል እንጂ አይሞትም፣ እህቴ። እናታችን የሚተነፍሱት እዚህ ነው።»

ግድግዳውን እስከ ጥግ በበረኪና እያራሰ ፋቀው፤ በንጹሕ ውሃ አጥቦ በቬንትሌተር አደረቀው። ሲሠራ በአኙዋክኛ መዝሙር ያዜማል። ሳል ሲያቋርጠው ቆም ይልና ካቆመበት ቃል ይቀጥላል። እንዲህ ያለ ሰው ስለሰጠን በልቤ ፈጣሪን አመሰገንሁ።

ሲጨርስ ጨርቁን ፈትቶ ወደ እኔ መጣ።

«ወንድሜ፣ ይህ ሥራ አፍንጫዬን ወስዶታል፤ ሽታ አይሰማኝም። እናታችን ሳይመጡ ግባና አሽትልኝ። ሻጋታም ይሁን በረኪና፣ ትንሽ እንኳ ከሸተተህ ንገረኝ። እንደገና እጀምራለሁ።»