ሁለት ክፍል ሓዝሓዝ፣ ሁለት ክፍል ቶሪኖ

በአስመራ የሰውን ቤት ጉድለት ከባለቤቱ አስበልጣ የምታውቅ ሴት ብትኖር ንግሥቲ ነበረች። እንጀራዋ ነበርና። ሥራው ነጻነት በመጣ በሁለተኛው ዓመት ሲጀመር ስም እንኳ አልነበረውም፤ ሰው በደፈናው "ቤት አለዋዋጯ" ይላት ነበር። አንድ የአስመራ ቤተሰብ ዕረፍቱን ሮማ ወይም ቦሎኛ ሄዶ ማሳለፍ ሲያምረው፣ እዚያ ያለ ሌላ ቤተሰብ ደግሞ አስመራን ለማየት ሲከጅል፣ ሁለቱን በደብዳቤ ታገናኛቸዋለች። ቁልፍ ይቀያየራሉ፤ ያ በዚህኛው አልጋ፣ ይህ በዚያኛው ድስት ወሩን ይገፋል። ኪራይ የሚባል ነገር የለም። ፈላጊም አልጠፋም። አስመራ ተወልደው በልጅነታቸው የወጡ ጣሊያኖች ብዙ ነበሩ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ያደጉበትን መንገድ ዳግም ለማየት ተነሣሡ። ከዚህ በኩል ደግሞ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው የሚያርፍበትን ቤት አድራሻ ማሳየት ግድ ስለሆነበት፣ የንግሥቲ ወረቀት ለዚያም ይጠቅመው ነበር።

እሷ ራሷ ሓዝሓዝ በሚባለው የአስመራ ሰፈር በሁለት ክፍል ቤት ተወልዳ በዚያው ቤት ያረጀች ናት። አማርኛን ከትምህርት ቤት፣ ጣሊያንኛን ከካቶሊክ መነኮሳት ተማረች፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ቃኘው የጦር ሰፈር ገብታ ከአሜሪካኖቹ የስልክ ማዞሪያ ፊት ስትቀመጥ እንግሊዝኛውንም ለቃቀመችው። ጃንሆይ ወረዱ፣ አሜሪካኖቹ ሄዱ፣ ደርግም መጥቶ ሄደ፤ እሷ ወደ ከተማው ስልክ ቤት ተዛውራ ገመድ ስትሰካና ስትነቅል ጡረታዋ ደረሰ። ባል አላገባችም። ለምን እንደሆነ የጠየቃትን ሁሉ "መስመሩ ተይዞ ነው" እያለች ትሸኘው ነበር። ከማዞሪያው የተረፋት አንድ ጠባይ ነው፤ የሰው ጉዳይ በጆሮዋ ያልፋል እንጂ ምላሷ ላይ አያርፍም።

አሠራሯ ግን ብዙ ሰው አስቀይሟል። ቤት ለመመዝገብ ስትሄድ ደብተር ይዛ ክፍል በክፍል ትዞራለች፤ የምትጽፈውም ጉድለቱን አስቀድማ ነው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይመጣል። የጓዳው በር አይገጥምም። የጎረቤት አውራ ዶሮ ሰዓት አያውቅም። መልካሙ ነገር፣ የአትክልቱ ቦታም ሆነ ሰፊው ሰገነት፣ ከታች በሁለት መስመር ይጠቃለላል። አንዲት የሐኪም ሚስት ቲራቮሎ በሚገኘው ቪላዋ ሳሎን መሐል ቆማ፣ ቤቴን ልታስተዋውቂው ነው የመጣሽው ወይስ ልታሚው ብላ ጠይቃታለች። ንግሥቲ ቀና ሳትል "ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ" ብላ መጻፏን ቀጠለች። ደግሞም አላፈረችበትም፤ ይህን አልነገርሽንም ብሎ የወቀሳት አንድ ደንበኛ ብቻ ነበር፣ እሱም ውሃ ቀጠነ የሚል ሰው ነው።

ሌላም ሕግ ነበራት፤ በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ ይጻፋል። ባለቤቱ በማናቸውም ምክንያት ቀኑ ሳይደርስ ከተመለሰ፣ እንግዳው በዚያው ቀን ቤቱን ለቆ ይወጣል። የሰው ቤት የሰው ነው፣ ክርክር የለም። በዚህ ዓይነት በአራት ዓመት ውስጥ ሠላሳ አንድ ቤት ስታለዋውጥ፣ እሷ ከምጽዋ ወዲያ ተሻግራ አታውቅም ነበር።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1997 መጀመሪያ ላይ አንድ ደብዳቤ ደረሳት። ታላቅ እህቷ ኣብርሄት ለቤት ሠራተኝነት ቶሪኖ የሄደችው በ1971 ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት የሰው ልጅ ስታሳድግ ኖራ በልብ ሕመም እዚያው ሞተች። ያኔ ጦርነት ነው፤ ከአስመራ ሄዶ የሚቀብራት አልተገኘም፣ የቀበሯት አሠሪዎቿ ናቸው። ደብዳቤውን የጻፈችው ኣብርሄት ያሳደገቻት ልጅ ስትሆን፣ ከመካነ መቃብሩ ጽሕፈት ቤት የመጣ ማስታወቂያ አብራ ልካለች። እዚያ ተራ መቃብር የሚሰጠው ለአሥር ዓመት ነው። ዘመኑ ሲሞላ ይከፈታል፤ ዘመድና ቦታ ካለ አፅሙ በትንሽ ሣጥን ሆኖ የግድግዳ መቃብር ውስጥ ይገባል፣ ከሌለ ከሌሎች አፅም ጋር በአንድ ጉድጓድ ይደባለቃል። የኣብርሄት ቀን ጥቅምት ሃያ ሦስት ነበር። ልጅቱ አውስትራሊያ ገብታለች፤ መድረስ እንደማትችል ጽፋ ይቅርታ ጠይቃለች።

ንግሥቲ ይህን የነገረችው ለግቢው ሽማግሌ ለኣቦይ ተወልደመድኅን ብቻ ነው። እሳቸው መደበር በሚባለው የቀጥቃጮች ገበያ በርሜል ሲቀጠቅጡ አርባ ዓመት የኖሩ፣ በወጣትነታቸው ጣሊያኖች ጋራዥ ሠርተው ቋንቋውን የለመዱ ሰው ናቸው። ሰምተው ሲያበቁ፣ ሂጂ፣ ሰው ከሰው ጋር መደባለቁ በሕይወት እያለ ነው እንጂ ከሞተ በኋላ ስሙ ሊጠፋ አይገባም አሏት።

መሄድ ማለት ግን ቶሪኖ ውስጥ ቤቱን በእሷ ቤት የሚለውጥ ሰው ማግኘት ማለት ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ ንግሥቲ ግን ደብተሯን ይዛ የገዛ ቤቷን እንደ ባዕድ ቤት ዞረችው። ሁለት ክፍል። ግቢው የአምስት ቤተሰብ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ በመሆኑ ዝናብ ሲጥል መነጋገር አይቻልም። መልካሙ ነገር ከሚጻፍበት መስመር ስትደርስ እርሳሷን ይዛ ብዙ ቆየች፤ በመጨረሻ "ሰፈሩ ፀጥ ያለ ነው" አለች። አልዋሸችም፣ ለእሷ ፀጥ ያለ ነው። ጎረቤቶቿን ግን በጉድለትም በመልካምም አላነሣቻቸውም። የሚተነፍሰውን አየር የሚመዘግብ ማን አለ?

ወረቀቱ አስመራ የተወለዱ ጣሊያኖች በሚያሳትሟት ትንሽ መጽሔት ላይ ወጣ። አራት ወር መልስ አልመጣም። በዚያው ጊዜ የሐኪሙን ሚስት ቪላ የፈለጉ ሦስት ሰዎች ከቶሪኖ ጽፈዋል፤ አንዳቸውን ወደ ራሷ ለማዞር እጇ አልታዘዘላትም። ሐምሌ ላይ ሬናቶ የሚባል ጡረታ የወጣ የትራም ነጂ ጻፈላት። ያለው ሁለት ክፍል ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱም አይሠራም። ጉድለቱን ማስቀደሙን ወደደችለት። ሚስቱ ኢዳ አስመራ የተወለደች መሆኗን ጠቅሶ፣ ብቻውን እንደሚመጣና የሚፈልገውም ፀጥታ ብቻ እንደሆነ ጨመረ። ሚስቱ ለምን አብራው እንደማትመጣ አልጻፈም፤ ንግሥቲም አልጠየቀችም።

በጥቅምት መግቢያ ለአንድ ወር ተለዋወጡ። ቶሪኖ በገባች በሦስተኛው ቀን መካነ መቃብሩ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ጸሐፊው ትሑት ሰው ነበር፤ ተስፋዋንም በትሕትና ቆረጠው። የግድግዳ ቦታ ተራ አለው፣ ተራው ደግሞ ሁለት ዓመት ይወስዳል። አፅሙን ወደ አስመራ ለመውሰድ ከቆንስላም ከጤና ቢሮም የሚወጣው ፈቃድ ወራት ይፈጃል። እስከ ሃያ ሦስት ቦታ ያልቀረበለት ወደ ጋራው ጉድጓድ ይሄዳል። እስከዚያ የምታቆዩበት ክፍል የላችሁም ወይ ብላ ጠየቀችው፣ የለንም አላት። በሚቀጥሉት ቀናት ያገሯን ሰዎችም የእነሱንም ቄስ አነጋገረች፤ ሁሉም አዘኑላት፣ ቦታ ያለው ግን አልነበረም። ለሠላሳ አንድ ቤተሰብ ማደሪያ ያገኘች ሴት ለአንዲት ትንሽ ሣጥን ማሳደሪያ አጣች። የትራም ፌርማታ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ሦስት ትራም አለፋት።

እሁድ ዕለት አስመራ ደወለች። በግቢው ስልክ ያላት ጸሃይ ናት፤ የቤቱን ቁልፍ ለእንግዳው ያስረከበችውም እሷው ነበረች። ንግሥቲ ሰውየው እንዴት እንደ ሰነበተ ጠየቀቻት።

"እወ፣ ደኅና ነው። ሚስቱ ሞታበት ነው እኮ የመጣው፤ የካቲት ላይ። ትናንት ነው የነገረን። ዛሬ ተንዳ ተክለንለታል።"

ተንዳ በአስመራ ለሠርግና ለለቅሶ ግቢ ውስጥ የሚተከለው ድንኳን ነው። ጸሃይ ነገሩን እንደ ተራ ወሬ ነበር የምታወራው። ሚስቱ ስትሞት ጎረቤቶቹ ቀብር መጥተው፣ እጁን ጨብጠው ወደየቤታቸው እንደ ገቡ፣ ማንም ለቅሶ እንዳልተቀመጠለት ለኣቦይ ተወልደመድኅን አውርቷል። ግቢው ይህን ሲሰማ ዝም ሊል አልቻለም። አምስቱ ቤተሰብ፣ የአምስቱ ቤተሰብ ወዳጅ ዘመድ፣ የማርያም ማኅበርተኞች ሳይቀሩ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየመጡ ተቀምጠዋል። ምግብ ይመጣል፣ ሻሂ ይመጣል፣ ቄስ ይመጣል።

ንግሥቲ ለመነቻት። ሰውየው ፀጥታ ፈልጎ ነው የመጣው፣ ድንኳኑን አንሡለት፣ በእነሱ አገር እንዲህ አይደረግም አለቻት።

"ስምንት ወር ሙሉ ብቻውን ነው የኖረው እያልኩሽ፣ ሓፍተይ" አለች ጸሃይ። "ሰው አይደለም እንዴ?"

ስልኩን ስትዘጋ ጥፋቱ የራሷ እንደሆነ ገባት። የበሩን ማጠፊያ ሳይቀር የምትመዘግብ ሴት፣ ትልቁን ነገር ከወረቀቱ ላይ አስቀርታዋለች። ሬናቶ ይህን ችሎ ወሩን አይጨርስም። ከመጣ ደግሞ በራሷ ሕግ ጎዳና ላይ መውደቋ ነው፤ ሃያ ሦስትን ቶሪኖ ቆይታ የምታይበት ሌላ ማረፊያ የላትም። ለእህቷ ቦታ ባታገኝ እንኳ አፈሯ ሲከፈት አጠገቧ ለመቆም ነበር ተስፋዋ፤ አሁን ለእሱም ሰጋች። በሚቀጥለው እሁድ ለመደወል አልደፈረችም።

ጥቅምት ሃያ አንድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቁልፍ በሩ ላይ ሲዞር ሰማች። ሬናቶ ሻንጣውን ይዞ ገባ፤ ሸንቀጥ ያለ፣ ነጭ ጢም ያለው ሰው ነው። ንግሥቲ አክብራ ሰላም ካለችው በኋላ መኝታ ክፍል ገብታ ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች። ምን እያደረገች እንደሆነ ጠየቃት። ባለቤቱ ተመለሰ፣ ወረቀቱ ላይ የፈረምነው እንዲህ ነው አለችው። እሱ ሻንጣዋን ከእጇ ወስዶ ግድግዳ ሥር አቆመውና ወጥ ቤት ገብተው እንዲቀመጡ ጠየቃት።

የመጀመሪያው ቀን ተቆጥቶ በሩን እንደ ዘጋባቸው ነገራት። እነሱም ደጅ ተቀመጡ። በሁለተኛው ቀን ረኃብ አስወጣው፤ ስሟን የማያውቃት አንዲት ሴት ምግብ አቅርባለት እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀችው። በሦስተኛው ቀን በሁለት ሽማግሌዎች መካከል ተቀምጦ ሳለ ዕንባው መጣ፤ ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ እንዲያ አልቅሶ አያውቅም። ማንም ዝም በል አላለውም። አንዱ ሽማግሌ ወንበሩን ትንሽ ወደ እሱ አስጠጋ፣ ይኸው ነው። በአራተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሣ፣ ኣቦይ ተወልደመድኅን አጠገቡ ቆመው አንድ ነገር ጠየቁት።

"እኛ ካንተ ጋር ተቀመጥን" አሉት። "ንግሥቲ የእህቷን አፅም ልታወጣ አንተ አገር ናት። ከእሷ ጋር የተቀመጠ ማን አለ?"

በማግስቱ ሽማግሌው ራሳቸው የአውሮፕላን ቢሮ ወስደውት ቲኬቱን አስለወጠ፤ መቀመጫ የተገኘው ግን ከቀናት በኋላ ነው። ንግሥቲም ያላት ዜና ያው ነበርና ነገረችው፤ ቦታ የለም፣ ከነገ ወዲያ ኣብርሄት ከማታውቃቸው ጋር ትደባለቃለች። ሬናቶ አላጽናናትም። አልጋው የእሷ እንደሆነ፣ እሱ ሶፋው ላይ እንደሚያድር ብቻ ነገራት። በማግስቱ ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ፤ የት እንደ ዋለ አልተናገረም፣ እሷም እንደ ልማዷ አልጠየቀችም።

ሃያ ሦስት ቀን ጠዋት ጉም ነበር። ሠራተኞቹ መቃብሩን ሲከፍቱ ንግሥቲ ከዳር ቆመች፤ ሬናቶ ባርኔጣውን አውልቆ ከጎኗ ቆመ። የኣብርሄት አፅም ከጫማ ካርቶን ብዙም በማይበልጥ የዚንክ ሣጥን ውስጥ ገባ። ንግሥቲ ነጠላዋን አውልቃ ሣጥኑን ጠቀለለችውና ለማንም ሳትሰጥ ታቅፋው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች።

ያው ትሑት ጸሐፊ መዝገቡን ገልጦ፣ ቦታ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሬናቶ ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። የሚስቱ የኢዳ መቃብር ወረቀት ነበር፤ ባለቦታው ከፈቀደ ከሬሳ ሣጥኑ ጎን አንድ የአፅም ሣጥን ማስገባት እንደሚቻል ትናንት እዚሁ መጥቶ ሌላውን ጸሐፊ ጠይቋል። ከወረቀቱ ሥር ፈርሟል። ጸሐፊው ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ትክክል መሆኑን አይቶ ብዕሩን አነሣና የኣብርሄትን ስም፣ የተወለደችበትን ከተማ፣ የሞተችበትን ቀን እየጠየቀ ሞላ። አንድ ባዶ ቦታ ቀረው።

"ሟቿ ለእርስዎ ምንዎ ናት?" አለው።

ሬናቶ ኣብርሄትን በሕይወቱ አይቷት አያውቅም። ወደ ንግሥቲ ዞረ፤ እሷ ሣጥኑን እንዳቀፈች ናት።

"ጎረቤቴ ናት" አለ።

ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ እንደዚያው ጻፈው።