የአያ ፋንታ ሁለት ጉድጓዶች

በቢቸና አያ ፋንታ ያልቆፈሩበት ግቢ ጥቂት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ቆፍረዋል። ወሬ አይወዱም፤ ሥራቸውን ላስተምርዎ የሚል ሰው ከገጠማቸው አካፋቸውን አንሥተው ይሄዳሉ። ጉድጓድ ከመግባታቸው በፊት የበራ ጧፍ በገመድ ያወርዳሉ። ከጠፋ አየሩ ሰው ይገድላልና አይገቡም።

የጎረቤቴን የአየሁሽን የውሃ ጉድጓድ የቆፈሩት እሳቸው ናቸው። ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ የእኔን ሽንት ቤት ሊቆፍሩ መጡ። በእርምጃ ለክተው የግቢዬ መሀል ላይ ቆሙ።

«እዚህ ይሁን። ከአጥሩ ወዲያ የአየሁሽ ውሃ አለ» አሉ።

መሀሉን ግን ሰርቪስ ቤት ልሠራበት አስቤ ነበር። እኔ አዋቂው!

«አጥር አለ አይደል እንዴ፣ አያ ፋንታ? ጥጉ ላይ ይቆፍሩት» አልኳቸው። አይሆንም አሉ። ሌላ ቆፋሪ እጠራለሁ ብዬ አስፈራራኋቸው። ምነው ያን ቀን አካፋቸውን አንሥተው በሄዱ! ሚስታቸው ታማ ሥራውን ይፈልጉት ነበርና አልሄዱም፤ ቆፈሩ።

ባለፈው ክረምት የአየሁሽ ውሃ እንደ ገማ እንቁላል መሽተት ጀመረ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ስርጉት ክሎሪን ጨመረችበት። ሽታው ለሳምንት ጠፍቶ ተመለሰ። ደግማ ጨመረች፤ እንደገና ተመለሰ።

«ባክቴሪያው ከሆነ ቦታ እየገባ ነው። እስኪታወቅ አፍልታችሁ ጠጡ» አለች።

አየሁሽ ታፈላ ነበር። የአራት ዓመቷ ልጇ ጸደንያ ግን ሲጠማት ከባልዲው በእፍኟ ትጠጣለች። ነሐሴ ላይ ተቅማጥ ያዛት፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ትንሿን ሣጥን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ከቀብሩ በወሩ አየሁሽ ጉድጓዱን እንዲያጥቡላት አያ ፋንታን አስጠራች። ውሃውን በባልዲ ቀድተን ጨረስን። ጧፉ አልጠፋም፤ እሳቸው ወረዱ፣ እኔ ገመዱን ያዝኩ። ብዙ ቆዩ። ሲወጡ እጃቸው በጥቁር ዝቃጭ ተለውሷል። ከአየሁሽ በፊት እኔን አዩኝ፤ ያኔ ገባኝ።

«ምን አገኙ?» አለች አየሁሽ።

«በአጥሩ በኩል ግድግዳው ያንጠባጥባል። ከሽንት ቤቱ ነው።»

ወደ እኔ ዞረች።

«እሱ ምን ያውቃል?» አሉ አያ ፋንታ። «ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

«እርሰዎ? የእኔ ውሃ እዚህ እንዳለ እያወቁ?»

«እያወቅሁ።»

«እጅዎ ይቆረጥ!» ብላ መሬት ላይ ተዘረፈጠች። አያ ፋንታ አቀርቅረው ስድቧን ሁሉ ሰሙ። እኔ ገመዱን እጠቀልል ነበር።

በር ድረስ ሸኘኋቸው። «ለምን?» አልኳቸው።

«እኔ ሂያጅ ነኝ። እናንተ ግን በአንድ አጥር ነው የምትኖሩት። ነገ ማን ይቀብርሃል?» አሉኝ።

ወሬው በከተማው ተዳረሰና ከዚያ ወዲህ ማንም አላስቆፈራቸውም። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል፤ እኔ ነኝ ቀና ብዬ ማየት ያቃተኝ። ሽንት ቤቱን ደፍኜዋለሁ። አየሁሽ አሁን ውሃ የምትቀዳው ከቦኖ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጀሪካኗን ተሸክሜ ቤቷ አደርስላታለሁ።

«የኔሰው፣ እንዳንተ ያለ ጎረቤት ለሁሉም ይስጥ!» ብላ ትመርቀኛለች።

አሜን እላለሁ።