አረንጓዴ ክር የታሰረባት ጠርሙስ

ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ኡጋንዳ፣ ጋባ የሚባለው የጀልባ ማረፊያ ወርጄ ከሐይቁ ዳር ፕላስቲክ እለቅማለሁ። ማኅበራችን ትንሽ ናት፤ መሪዋ ጉልበቷም ምላሷም የማይደክም ኡጋንዳዊት ዓሣ ሻጭ ናት። ጠዋት ጭጋጉ ሳይነሳ ውሃውና ሰማዩ አንድ ይሆኑና ጀልባዎቹ አየር ላይ የቆሙ ይመስላሉ። እጄ ጭቃ ውስጥ ሆኖ ልቤ ይሄዳል። ይህ ውሃ ነጭ አባይ ይሆናል፣ ካርቱም ላይ ከእኛው አባይ ጋር ይገናኛል፣ ከዚያ ባሕር ይገባል እያልኩ እፈዛለሁ።

ይህን ያስለመዱኝ ንቲንዳ ሰፈር አንድ ግቢ አብረውኝ የሚኖሩት እማማ ናቸው። ስደተኛ ሆኜ ስመጣ እንደ ልጃቸው የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። ለጥምቀት ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይቀዳሉ፤ ከሌላ ውሃ እንዳይደባለቅባቸው አንገቷ ላይ አረንጓዴ ክር ያስራሉ። ጠበሉ ሲያልቅ ጠርሙሷን ከቆሻሻ ጋር መጣል ለእሳቸው ነውር ነው። እግር የማይረግጠው ቦታ አድርሺልኝ ብለው ይሰጡኛል፤ እኔም ቦዳ ሞተር ላይ ተፈናጥጬ ሄጄ ሐይቁ ላይ እለቃታለሁ። አባይን ታገኛለች ይሉኛል። ሌላው የጣለውን ስለቅም የምውል ሰው ይቺን አንድ ቀን እንኳ ቆሻሻ ብዬ አስቤያት አላውቅም። ጉድ እኮ ነው!

አምና ዓሣ ሻጯ፣ ማኅበሩ ወደ ሌሎቹ የጀልባ ማረፊያዎች ካልሰፋ ድካማችን ከንቱ ነው አለች። እኛ ስንለቅም ሌላው ይጥላል፤ የሚጥሉት ሰዎች ራሳቸው ይግቡበት፣ አንቺም ከቤተ ክርስቲያንሽ ሰው አምጪ አለችኝ። የእኔ ሰዎች ሐይቅ ውስጥ አይጥሉም ብዬ ቱግ አልኩ። ከጆንያዋ ሦስት ጠርሙሶች አወጣች። ዳሩ ላይ ካለው ሸንበቆ ሥር ነው ያገኘቻቸው። የሁሉም አንገት ላይ አረንጓዴ ክር አለ። እኔው የለቀቅኳቸው የእማማ ጠርሙሶች ናቸው። ከለቀቅኩበት ጥቂት እርምጃ እንኳ አልራቁም።

ሳምንቱን ሙሉ እማማን መጋፈጥ ፈራሁ። ጠበሌን ቆሻሻ አለችብኝ ብለው ፊት ቢነሱኝ እዚህ አገር ማን አለኝ? ዝም ካልኩ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችንን ሴቶች በምን አፌ ኑ ልቀሙ እላለሁ? ቅዳሜ ማታ አንዷን አጥቤ ይዤ ገባሁና ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኳት። ነገሩንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

ክሩን በጣታቸው ዳሰሱት።

«እዚሁ ነበረች?»

«እዚሁ ነበረች፣ እማማ።»

«እኔ እኮ አባይ ጋ ደርሳለች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር የምተኛው።»

እኔ አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹን አስቁመው ራሳቸው ተናገሩ። ለካ አብዛኞቹ ያንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል። የሚቀጥለው ቅዳሜ ስድስት ሆነው ጋባ ወረዱ፤ ዓሣ ሻጯ ጓንት እያደለች ተቀበለቻቸው። አሁን ሁለተኛውን ማረፊያ የያዙት እነሱ ናቸው።

ዘንድሮ እማማ ጠበል የቀዱት በብረት ጆግ ነው። ከዚያች ጠርሙስ የፈቱትን ክር እጀታው ላይ አስረውታል።