ትልቁን ወይስ የኪሱን?

ሐኪሟ ተናግራ ስትጨርስ፣ እኔ የውሃ ጠርሙስ ክዳን መክፈትና መዝጋት ይዣለሁ። ክው ብዬ ቀርቻለሁ። ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ውስጥ ያለ አንድ ክሊኒክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን። እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ የነጠላዋን ጥለት ታስተካክላለች። ሐኪሟ ከጠረጴዛው ማዶ ሆና፣ እኔን ሳይሆን እሷን እያየች፣ ቀስ ባለ እንግሊዝኛ የነገረቻት ነገር ባጭሩ ይሄ ነው፦ በሽታው ከጨጓራዋ ተነሥቶ ጉበቷ ላይ ደርሷል፤ ቀዶ ጥገና አይረዳትም፤ መድኃኒቱም ሕመሙን ያስታግሥላታል እንጂ አያድናትም፤ የቀራት ጊዜ በወራት የሚቆጠር ነው።

«ምን አለች?» አለችኝ እናቴ።

እዚህ ላይ ሥራዬን ልናገር። አስተርጓሚ ነኝ። ጊጊሪ በሚገኝ አንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት፣ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣ ሰው የተናገረውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ማስተላለፍ እንጀራዬ ነው። ተሰብሳቢው ቢሰዳደብ እንኳ ስድቡን አለዝቤ አላውቅም።

«ጨጓራ ነው አለች» አልኳት።

«ይኸው ነው?»

«ትንሽ ቆስሏል። መድኃኒት አለው።»

አትፍረዱብኝ። እኛ ዘንድ መርዶ እንኳ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው አጠገብ መኖሩ ተረጋግጦ ነው የሚነገረው። በሽተኛን ፊት ለፊት «ትሞቻለሽ» ማለት ከበሽታው የባሰ ጭካኔ ነው። በዚያ ላይ ጠዋት ከምኖርበት ከኪሊማኒ በታክሲ ስንወጣ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ «ምንም ይሁን ምን ለእሷ እንዳትነግሪያት፤ ትሞትብናለች» ብሎኛል። አባታችን ከሞተ ወዲህ የቀረችን እሷ ናት። እኔ ጋ የመጣችውም «ልጠይቅሽ» ብላ ነበር፤ ሆዷን ያማት የጀመረው እዚህ ነው።

ሐኪሟ መነጽሯን አውልቃ «ገብቷታል?» አለችኝ።

«በደንብ» አልኩ። የእናቴን ፊት አየች፣ የእኔን አየች፤ አላመነችኝም። ግን አማርኛ አትችል፣ ምን ታድርግ።

«የምትጠይቀው ነገር አለ?»

እናቴ ትንሽ አሰበችና «በርበሬ ልተው ወይ በይልኝ» አለች።

ይህን በትክክል ተረጎምኩት። ሐኪሟ «የወደደችውን ሁሉ ትብላ። ከእንግዲህ ምንም አትከልክሏት» አለችኝ። ጉበት ሲባል፣ ወራት ሲባል ያልሰማሁትን ያህል ያኔ ሰማሁ። ደንግጬ ስለነበር መዋሸቱንም ረስቼው፣ እንዳለ ወደ አማርኛ መለስኩት፦ «የወደድሽውን ብዪ፣ በርበሬም ቢሆን አለች።»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። «እግዜር ይስጣት» አለች።

ሊፍቱ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር ጭንቅላቴ ውስጥ የሚዞረው፤ የእናቴ ደህና ፎቶ የለኝም። አንድም የለኝም። ስልክ አለ ትሉኛላችሁ። እናቴ ስልክ የምታውቀው ወንድሜ በቪዲዮ ሲደውል ነው። ስልክ ያነሣሁባት እንደሆነ ወዲያው ጠጋ ብላ «ሄሎ! እንዴት አደርክ ልጄ? ልጆቹስ?» ትላለች፤ ባዶውን ስልክ። ስለዚህ ፎቶዎቿ ሁሉ አፏ የተከፈተ፣ ግንባሯ ብቻ የሚታይ፣ ለማይሰማት ሰው ሰላምታ የምትሰጥባቸው ናቸው። በዚያ ላይ ስልኬ ሰው ማሳመር ይወዳል። የግንባሯን ሽብሽብ ደምስሶ፣ ከቅንድቧ በላይ ያለችውን የልጅነት ጠባሳ አጥፍቶ፣ የማላውቃት ወይዘሮ አድርጎ ያመጣታል። ማሳመሪያውን አጥፊው ይሉኛል። እሱን ባጠፋው ሰላምታዋን በምን ላጠፋው ነው?

ከክሊኒኩ ፊት ለፊት የካሜራ ሱቅ ነበር። ብዙ ጊዜ በዚያ አልፌ አይቼው አላውቅም። እናቴን በክንዷ ይዤ መንገዱን አሻገርኳት።

«ወዴት ነው?» አለች።

«ካሜራ ልገዛ ነው። ለመሥሪያ ቤት።»

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ማደርም አላስፈለገው፤ መንገድ እስክንሻገር ነው የቀለለው። አስተርጓሚ ካሜራ ምን ይሠራለታል? እናቴ ግን ተከተለችኝ።

ባለሱቁ ጠና ያለ፣ አያቱ ከህንድ የመጡ ኬንያዊ ነው። በስዋሂሊ «ካሪቡ ማማ»፣ እንኳን ደህና መጡ ብሎ ለእናቴ ወንበር አመጣላት። ለእኔ «ምን ዓይነት?» አለኝ። «የሰው ፊት የሚያነሣ» አልኩት። እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሞት አያውቅም መሰለኝ፣ ትንሽ ቆየና ሁለት ካሜራ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ።

አንደኛው ሚረርለስ የሚሉት ነው፤ ሌንሱ የሚቀያየር፣ በማንገቻ አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ ለጀማሪ ተብሎ የተሠራ። ጀማሪ ቢባልም ለእኔ የጋዜጠኛ ዕቃ ነው የመሰለኝ። ሁለተኛው ሸሚዝ ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ እንደ ሳሙና ቀጭን፣ ድምፅ የሌለው። ሰውዬው ልዩነቱን ይነግረኝ ጀመር፤ ብርሃን፣ ሌንስ፣ ባትሪ። ቃሎቹን ሁሉ አውቃቸዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ስብሰባ አስተርጉሜ አውቃለሁ። አንዱም አልገባኝም። ጆሮዬ ውስጥ ያለችው ሐኪሟ ናት።

«ይሞክሩት» አለኝ።

ትልቁን አነሣሁና ወደ እናቴ አዞርኩ። ወዲያው ተነሥታ ቆመች! ነጠላዋን እስከ አገጯ ሳበች፣ እጆቿን ወደ ጎን ጣለች፣ ከንፈሯን ገጠመች፣ ትንፋሿን ያዘች። መታወቂያ ሊያወጡ የተሰለፉ ሰዎች እንዲህ ይሆናሉ። አነሣኋት። ሰውዬው ካሜራውን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ ፎቶውን ስክሪኑ ላይ ሲያሰፋው ጉድ አልኩ። የግንባሯ ሽብሽብ እያንዳንዱ ይታያል፤ ጠባሳዋ አለች፤ የዓይኗ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሁሉም ነገር አለ፤ እናቴ ብቻ የለችም። እኔን ያሳደገችኝ ሴት እንዲህ ዓይነት ፊት የላትም።

ትንሹን አነሣሁ። እሷ ተመልሳ ተቀምጣ፣ መስታወቱ ውስጥ የተደረደሩትን የድሮ ካሜራዎች ስታይ አንዱ ሆዱ እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋ ሆኖ አገኘችውና ፈገግ አለች። እጄን ከደረቴ ሳላነሣ ተጫንኩት። አላወቀችም። ፎቶው ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ጮኼ ነበር። እሷ ናት! ያቺ ፈገግታ፣ አንድ ጎን ብቻ የምትነሣው፤ ልጅ ሆኜ ጥፋቴን አውቃ ሳትቆጣኝ የምትቀር ጊዜ የማውቃት።

ሰውዬው ፎቶውን ሲያሰፋው ግን ፊቷ መበታተን ጀመረ። ሱቁ ጨለም ያለ ነው። ዓይኗ ነጠብጣብ ሆነ፤ አገጯ ከነጠላዋ ጋር ተደባለቀ። «ለአልበም ይበቃል» አለኝ፤ «ለግድግዳ ግን አይሆንም። ትልቁ ይሻልዎታል።»

«ማን ለግድግዳ ነው አለህ?» ብዬ ጮኽኩበት። ምስኪኑ ደነገጠ። እኔም ደነገጥኩ። ቀኑን ሙሉ የምቆጣው ሰው ስፈልግ ነበርና እሱ ላይ ወደቀ። ይቅርታ ጠየቅኩትና ሁለቱን ካሜራ በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። አንዱ የጠራ ፊት ይሰጠኛል፣ የእሷ ያልሆነ። ሌላው የእሷን ይሰጠኛል፣ የማይጠራ። ብሳሳት እመልሰዋለሁ የሚባል ነገር አልነበረም። ዛሬ የምመርጠው ነው የሚቀረኝ። ይህን እያሰብኩ እናቴ እዚያው ተቀምጣ እያየችኝ መሆኑን ረስቻለሁ።

«ምን ይላል ሰውዬው?» አለች።

«ትንሹ ለመያዝ ይቀላል፣ ትልቁ ያጠራል ነው የሚለው።»

«እስቲ አንድ ነገር ጠይቂልኝ» አለች፤ ድምፅዋ የሽንኩርት ዋጋ የምትጠይቅ ነው የሚመስለው። «ድንኳን በር ላይ እንደሚቆመው ሲሰፋ፣ የማይደበዝዘው የትኛው ነው በዪው።»

ካሜራዎቹን አልጣልኳቸውም። እንዴት እንዳልጣልኳቸው አላውቅም።

«የምን ድንኳን ነው እማዬ?»

«የምን ድንኳን ትላለች ደግሞ። የሰርግ ነዋ! ልዳር ነው።»

ሰውዬው ከእኔ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ እኔ ያያል።

«ነይ ቁጭ በዪ» አለችኝ። አልተቀመጥኩም። «ጨጓራ ያለበትን ሰው በርበሬ ብላ የሚል ሐኪም አይተሽ ታውቂያለሽ? ለጨጓራስ ካሜራ የሚገዛ ሰው? ሴትዮዋ ያን ሁሉ ስትለፋ አንቺ በሁለት ቃል ጨረስሽው። እንዲህ እያደረግሽ ነው ደሞዝ የምትበዪው?»

ልስቅ ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ድምፅ ነው።

«ዝም በዪ፣ ሰው ሱቅ ውስጥ ነን» አለችኝ። «ያባትሽን ፎቶ አላየሽውም አንቺ፤ ለቅሶው ላይ አልደረስሽም። ከመታወቂያው ላይ ነው አስፍተው ያመጡት። ፊቱ ጭጋግ ሆኖ፣ ግማሹ ላይ ማህተም አርፎበት። አርባ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው ነው፣ እዚያ በር ላይ ሳየው አላወቅሁትም። ለቀስተኛው ‹የማን ቤት ነው የገባነው› ይል ነበር። እኔ እንደዚያ ሆኜ መቆም አልፈልግም። በይ አሁን ጠይቂው። እንዳለ ንገሪው፤ እንዳታሳጥሪ።»

ተረጎምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተርጉሜ አላውቅም። ድንኳኑን፣ ማህተሙን፣ ጭጋጉን፣ ምንም ሳልተው፣ በእንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል። ድምፄ እየተቆራረጠ ነበር፤ መስታወት ክፍል ውስጥ ብሆን ማይክራፎኑን ይዘጉብኝ ነበር። «እናቴ ትሞታለች» የሚለውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሴ አፍ የሰማሁት ለካሜራ ሻጭ ስነግረው ነው።

ሰውዬው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ፖሌ ሳና ማማ» አላት።

«ምን አለ?»

«እግዜር ይማርሽ አለ።»

«አሜን በይልኝ። ታዲያ የትኛው ነው?»

ሰውዬው ሳይናገር ትልቁን አመለከታት።

«ግን እሱ ሲሆን ትደርቂያለሽ» አልኳት። «ሌላ ሰው ትሆኛለሽ። አላይሽም።»

«የምደርቀው እንደምትዋሺኝ እያወቅሁ ስታነሺኝ ነው። ያኔ ማን ፊቱን ይሰጣል?» አለች። ከዚያ ትንሽ ቀረብ ብላ፣ ሰውዬው አማርኛ የሚሰማ ይመስል ድምፅዋን ቀንሳ፦ «ለወንድምሽ ግን ማወቄን እንዳትነግሪው። እሱ አይችልም።»

ይሄ ነው ጉዳችን። ወንድሜ ለእናቴ ሲል ደብቂ ይለኛል፤ እናቴ ለወንድሜ ስትል ደብቂ ትለኛለች፤ እኔ መሀል ላይ ሆኜ የሁለቱንም ዝምታ አስተረጉማለሁ። እሺ አልኳት። ምን ልበላት?

ወንበሯን ራሷ ጎትታ ወደ በሩ፣ ብርሃን ወዳለበት ወሰደችው። የናይሮቢ የቀትር ብርሃን በደጃፉ ገብቶ ወለሉ ላይ ተኝቷል፤ ውጪ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ረዳት ተሳፋሪ ይጣራል። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣለችው። ሽበቷን በመዳፏ ወደ ኋላ ለጠፍ ለጠፍ አደረገችው።

«በይ አሁን አንሺኝ» አለች። «ሳልከሳ።»

ካሜራውን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ። የሚታየኝ ነገር የለም፤ ሁሉም ጭጋግ ነው። ይሄ ዕቃ አያጠራም ብዬ ሰውዬው ላይ እንደገና ልጮህ አፌን ስከፍት፣ ያላጠራው ዓይኔ መሆኑ ገባኝ። በእጄ ጀርባ ጠረግሁት። እንደገና ሞላ። እንደገና ጠረግሁት።

«ምነው? አይሠራም?»

«ይሠራል።»

«ታዲያ አንሺኛ ልጄ።»

ያኔ በሌንሱ ውስጥ አየኋት። አልቆመችም፣ አልደረቀችም፣ ትንፋሿን አልያዘችም። ካሜራውንም ረስታዋለች። የምታየው ከካሜራው በታች ያለውን፣ ጉንጬ ላይ የሚወርደውን ነው፤ ልጇ ስታለቅስ ያገኘች እናት እንደምታይ፣ ልትነሣ ምንም ሳይቀራት። ተጫንኩት።

ከወራት በኋላ ድንኳኑ በር ላይ የቆመው ያ ፎቶ ነው። አስፍተን፣ አሳጥበን፣ በፍሬም አድርገን አቆምነው፤ አልደበዘዘም። የመጣው ሰው ሁሉ ገና ከሩቁ አወቃት። ወንድሜ ፎቶው ሥር ቆሞ እንግዳ ይቀበል ነበር። እኔ ግን ያን ዓይኗን አልፌ መግባት ስላልቻልኩ፣ ለቅሶው እስኪያበቃ ድረስ የምገባውም የምወጣውም በጓሮ በኩል ነበር።