በግድግዳ ጋዜጣ ላይ የሣልኳት ልጅ

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። አባቴ በመንግሥት ሥራ ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ ተዛወረና ሴቻ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራየን። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። ትምህርት ቤቱ በየሰኞው በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሚለጠፍ የግድግዳ ጋዜጣ ነበረው፤ ኃላፊው የአማርኛ መምህራችን ነው። በክፍል ሰዓት ስሥል ያዘኝ። ይቀጣኛል ስል የጋዜጣውን የታችኛውን ጥግ ሰጠኝ። «ሰው ቆሞ የሚያነበው ነገር አምጪ» አለኝ።

አራት ሣጥን አሠመርኩና አንዲት ጀግና ሣልኩ። በመጀመሪያው ሳምንት መናኸሪያ ውስጥ ሌባ ያዘች፤ በሁለተኛው ሐይቅ ዳር ፍየል ከአዞ አፍ አስጣለች። ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ ከደጋው ከጨንቻ ወርዳ ሲቀላ ሰፈር አክስቷ ዘንድ የምትኖር ነበረች። በሒሳብ የሚደርስባት የለም፤ የምታስጠናኝም እሷ ናት። ቤቷ የሚነገረው ጋሞኛ ስለሆነ አማርኛ ስትናገር ወንድና ሴት ይምታታባታል። «እናቴ መጣ»፣ «ወንድሜ ታመመች» ትላለች። በሦስተኛው ሳምንት አነጋገሯን ለጀግናዬ ሰጠኋት። ጀግናዋ ሐኪም ቤት ሄዳ «ወንድሜ አረገዘች» ስትል ሐኪሙ ራሱን ስቶ ይወድቃል።

ሰኞ በዕረፍት ሰዓት መስታወቱ ፊት መቆሚያ ጠፋ። እሷም ተጋፍታ ገባች። የወደቀውን ሐኪም አይታ ሳቀች፤ እጄን ጎተተችና ጮክ ብላ፣ «ነይ እይ! ልጅቷ እንዴት ሞኝ ነው!» አለችኝ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ፣ «እሱ ራሱ መጣች!» ብሎ ጮኸ። ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። እጄን ቀስ ብላ ለቀቀች። እኔም ከሌሎቹ ጋር ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ አፏን አልከፈተችም። የታሪክ መምህሩ ጠይቋት ዝም ብትል «ድዳ ነሽ?» ብሎ አንበረከካት። እኔ ደግሞ የምጽፈው ቀልድ አለቀብኝ። ስለዚህ ዝምታዋን ሣልኩት፤ ሦስቱ ሣጥኖች ላይ ጀግናዋ ዝም፣ አራተኛው ላይ አህያ መልስ ሲሰጥላት። የአማርኛ መምህሩ እንባው እስኪወርድ ስቆ በተማሪው ፊት ጨበጠኝ።

በወላጆች ቀን እናቷ ጋቢ ደርባ መጣች። ማንበብ አትችልም። መስታወቱ ፊት ቆማ ልጇን በጋሞኛ ጠየቀቻት፤ ልጅቷ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻት። እናትየው ፊቷ በራ። ወደ እኔ መጥታ ጉንጮቼን ሳመችኝ፤ ሁለት ፖም አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች። ብዙ ተናገረች። አንዲት ቃል አልገባኝም፤ አንገቴን ብቻ ነቀነቅሁ። ማንም አልሳቀብኝም።

እናትየው ስትሄድ፣ «ምን ብለሻት ነው?» አልኳት።

«ጓደኛዬ ሣለኝ፣ ይወደኛል አልኩት» አለችኝ። ከስንት ሳምንት በኋላ ያናገረችኝ ያን ጊዜ ነው።

ለሰኞ ይሆነኛል ብዬ በልቤ ያዝኩት። ሰኞም ከነእናቷ፣ ከነጋቢው፣ ከነፖሙ ተለጠፈ። እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ቦርሳዋን ይዛ በበሩ ወጣች።

ፈተና ሲደርስ ሒሳብ የሚያስጠናኝ አጣሁና ሲቀላ ወረድኩ። አክስቷ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «ጨንቻ ናት። ጥጥ ትፈትላለች። ምን ፈልገሽ ነው?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት።

በሒሳብ ወደቅሁ፤ በሥዕሉ ግን ሰኔ ላይ ተሸለምኩ። አባቴ የምስክር ወረቀቱን በፍሬም አሠርቶ ሳሎን ሰቀለው። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «እስቲ እንደዚያች ልጅ አውሪላቸው» ይለኝ ነበር። አወራላቸው ነበር።